እኔና አማቴ የፈታታናት መኪና

ወንድሜ መኪና ይዞልኝ እንደሚመጣ ደባርቅ ሁሉ የሰማው ከእኔ ቀድሞ ነው። ወንድሜ መርከበኛ ነበር። አሰብ ወደብ ላይ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር አግኝቶ፣ "ደባርቅ ስታልፍ እኅቴን መኪና ይዤላት እመጣለሁ በላት" ይለዋል። ሾፌሩ ደባርቅ ደርሶ እኔን ከመፈለጉ በፊት ምሳ ሊበላ ገባ። ምሳውን ሳይጨርስ ወሬው ገበያውን አዳርሶ ነበር።

በዚያን ጊዜ ከዳባት ተድሬ ደባርቅ ከገባሁ ገና መንፈቅ አልሆነኝም። ባሌ አስተማሪ ነው፤ ደረስጌ ተመድቦ ስለነበር በወር አንዴ፣ ሲሆን በበቅሎ ካልሆነም በእግሩ፣ ብቅ ይላል እንጂ እኔ የምኖረው ከእናትና ከአባቱ ጋር ነበር። ሥራዬ ስፌት ነው። በእጅ የምትዞር፣ አንዱን ሰፍታ ሁለቱን የምትዘል አሮጌ የስፌት መኪና ነበረችኝ። ስለዚህ "መኪና" ሲባል ለእኔ የታየኝ በእግር የምትረገጥ፣ ጥቁር፣ የምታብረቀርቅ የስፌት መኪና ናት። ለባሌ እናት፣ ለእማማ፣ የታያቸው ግን ወንድሜ እየነዳ የሚገባበት አውቶሞቢል ነው። "በየት ይገባል?" እያሉ ሲብሰለሰሉ አድረው፣ በማግስቱ ሰው ጠርተው የባሕር ዛፍ አጥሩን ከአንድ ወገን አስከፈቱት። ጎረቤት እየመጣ የክፍተቱን ስፋት በክንዱ ይለካል። "ይህማ ለአውቶቡስም ይበቃል" ይላል አንዱ። እማማ ፈገግታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይሸፍናሉ።

ወንድሜ የመጣው በአውቶቡስ ነው። በብብቱ አንድ ካርቶን ይዟል። እማማ በካርቶኑ ላይ ዓይናቸውን ጣል አድርገው መልሰው ወደ መንገዱ ተመለከቱ፤ ከኋላው የሚመጣ ነገር ካለ ብለው። ወንድሜ ግቢው መካከል ተንበርክኮ ካርቶኑን ከፈተው።

ከክንድ ያነሰች ቢጫ መኪና ናት። ጣሪያ የላትም፤ ሞላዎቿ ከውጭ ይታያሉ፤ ጎማዎቿ ሆዳቸው የተነፋ፣ እሾህ እሾህ ያወጡ ናቸው። መካከሏ ላይ ከወገቡ በታች የሌለው አንድ ሾፌር ቆብ ደፍቶ ተቀምጧል። ከእሷ ጋር ሁለት ዘንግ የቆመበትና ረጅም አንቴና ያለው ሣጥን አለ። ወንድሜ ጃፓን ወደብ ላይ አዲስ ከገዛ አንድ ወጣት ነው አሮጌዋን ያገኛት። "አራቱም ጎማ ይገፋል፤ ፎር ዊል ናት!" አለ ደረቱን ነፍቶ።

"ትልቋስ?" አሉ እማማ።

"ትልቅ የለችም እማማ። ይቺው ናት።"

እማማ ወደ ተከፈተው አጥር ዞሩ። "እንግዲህ ዛሬ ብርድ ሊገባብን ነው" አሉና ወደ ውስጥ ገቡ።

እኔ ግን ሳቄ ሊያፈነዳኝ ደርሶ ነበር። ወንድሜ የሣጥኑን ዘንግ ገፋ ሲያደርገው መኪናዋ እንደ ተነደፈ ሰው ተፈናጥራ ሄደች። ዶሮዎቹ ጣሪያ ላይ ወጡ። ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞራ፣ በእማማ ዱካ ሥር ሾልካ፣ በአዲሱ በር ወደ መንገድ ወጣች። የደባርቅን ድንጋይ ስታገኝ ግን አንድ ጊዜ ሲጥ ብላ ቆመች። ከዚያ በኋላ የኋላ ጎማዎቿ ይዞራሉ፣ የፊቶቹ ዝም። ወንድሜ ፈረቃው ደርሶበት በማግስቱ ተመልሶ ሲሄድ፣ ባትሪዋ የሚሞላበትን ገመድና በወረቀት የተጠቀለሉ ትንንሽ የሞተር ጥርሶች ጥሎልኝ ሄደ። "ትርፍ ናቸው፣ ለምን እንደሆኑ አላውቅም" አለኝ።

አባባን እስካሁን ያላነሳኋቸው ስለማያወሩ ነው። የባሌ አባት ዕድሜያቸውን የጨረሱት በመንገድ ሥራ መካኒክነት ነው። የሊማሊሞን ጠመዝማዛ የሚጠርጉትን ግሬደሮችና ዶዘሮች ሲፈቱና ሲገጥሙ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ በር ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ከዚያ ወዲህ አልተነሡም ማለት ይቻላል። የሚያልፈውን መኪና በድምፁ ለይተው "ፍሪሲዮኑ አልቋል" ብለው ለራሳቸው ይናገራሉ እንጂ ከሰው ጋር ጨዋታ የለም። ከእኔ ጋርማ ጭራሽ። በአገራችን ሙሽራ አማቷን ታፍራለች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታልፋለች፣ ፊታቸው እህል አትቀምስም፣ ካልጠየቋት አትናገርም። እሳቸውም እኔን ያፍሩኝ ነበር መሰለኝ። በዚያ መንፈቅ ውኃ ሳቀብላቸው "ተባረኪ" ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣቸውም።

ወንድሜ በሄደ ሰሞን ልብስ ሳሰጣ አየኋቸው። መኪናዋን ገልብጠው ጉልበታቸው ላይ አስተኝተዋታል። የኋላ ጎማዋን በጣታቸው እያዞሩ፣ ጆሮአቸውን አስጠግተው ያዳምጣሉ።

"የፊት ጎማዎቹ ዘንግ ተቆርጧል" አሉ። ለእኔ አልነበረም፤ ለመኪናዋ ነው።

"ይጠገናል?" አልኩ። ቃሉ ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ነጠላዬን ስፈልግ ገመዱ ላይ ተሰጥታለች።

አባባ ቀና አሉ። እሳቸውም ደንግጠዋል። "ካቻቢቴ አለሽ?"

"የስፌት መኪናዬ ትንሿ አለችኝ።"

"እስቲ አምጪያት።"

በቃ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገር ሁሉ ተበላሸ፤ ወይም ተስተካከለ። ነጭ አቡጀዲ በረንዳው ላይ አነጠፍኩ፣ አባባ መኪናዋን ብሎን በብሎን ፈትተው በተፈታችበት ቅደም ተከተል ደረደሯት። ዲፈረንሻሏ ከአውራ ጣታቸው አይበልጥም። እሳቸው ግን ዶዘር ሥር እንደ ተኙ ሁሉ "ክሪክ አስገቢ!" ይሉኛል፤ እኔ ባዶ የክር ማጠንጠኛ ከሆዷ ሥር እደግፋለሁ። "ፒንሳ!" ይሉኛል፤ የቅንድብ መንቀያዬን አቀብላቸዋለሁ።

የተቆረጠውን ዘንግ ከአሮጌ ብስክሌት ጎማ በተነቀለ ሽቦ ተኩት። ጎማዎቹ የሚዞሩባቸው ቀዳዳዎች ፕላስቲክ ነበሩና ተበልተው ጎማው ይወላገዳል። አባባ ሲያስቡ ውለው፣ ወደ ማታ ከሜዳው አንድ እፍኝ የጥይት ቀለህ ለቅመው መጡ። በዚያን ዘመን ቀለህ ማግኘት እንጉዳይ ከመልቀም ይቀል ነበር። ናሱን ቆርጠው፣ ሞርደው፣ ጠቅልለው ለእያንዳንዱ ጎማ ቀዳዳ የሚገባ ቀለበት፣ ቡሽ የሚሉትን፣ ሠሩለት። ከዚያ ጎማውን በጣት መታ ሲያደርጉት ዞሮ ዞሮ ማቆም አቃተው። እየተያየን ሳቅን። አማቴ ጥርስ እንዳላቸው ያወቅሁት ያኔ ነው።

ከባዱ የሞላዎቹ ነገር ነበር። ሞላው ውስጥ ያለችው ትንሽ ቱቦ ዘይቷን ጨርሳ ስለነበር መኪናዋ ጠጠር በነካች ቁጥር እንደ ጥጃ ትዘላለች። የኑግ ዘይት ሞላንባት፤ ቀጠነ። አባባ እማማን "እስቲ ትንሽ ቅቤ" ብለው ጠየቁ። እማማ ቤቱን በአንድ እግሩ አቆሙት። "ለሰው ያጣሁትን ቅቤ ለብረት!" አሉ። "እሺ፣ ቅቤስ ይሻግታል" አሉ አባባ ቀስ ብለው፣ ያልተከለከሉ ለመምሰል። በመጨረሻ የጉሎ ዘይት አገኘን። ቀትር ላይ ግሩም ነው፤ መኪናዋ ድንጋዩን እንደ ትራስ ታልፈዋለች። በማግስቱ ጠዋት የደባርቅ ውርጭ መሬቱን ነጭ አድርጎት ሳለ ስናወጣት ግን ሞላው እንደ ማር ረግቶ እንደ እንጨት ገተር ብሏል። ከስፌት መኪናዬ ዘይት ጠብ እያደረግን ቀላቀልንበት። ጠብታ ጨምረን ውርጭ ላይ እናወጣታለን፤ ጠብታ ጨምረን ፀሐይ ላይ እናወጣታለን። እኔ ያልተሰፋ ጨርቅ ጭኔ ላይ እንዳስቀመጥኩ ስንት ሰው ልብሱን ሊወስድ መጥቶ "ነገ" ብዬ መለስኩ መሰላችሁ!

የእኔም ሙያ ገባበት። የተላጡትን ጎማዎች ከጭነት መኪና ጎማ በቆረጥኳቸው ቀጫጭን ንጣፎች አለበስኳቸው፤ በጫማ ሰፊ መርፌና በሰም በተቀባ ክር ጠቀምኳቸው። የሾፌሩን ቆብ አልወደድኩትምና የስሜን ሰው በብርድ የሚደፋትን የሱፍ ቆብ አሳንሼ ሠራሁለት፣ ትከሻው ላይም ጋቢ ጣል አደረግሁበት። አባባ አዩትና፣ "አሁን መንገዱን ያውቃል" አሉ።

የምነዳው እኔ ነበርኩ። አባባ "እኔ መካኒክ እንጂ ሾፌር አይደለሁም" ብለው እንቢ አሉ። ባትሪዋን የምንሞላው አባባን ከሚያውቁ የጭነት ሾፌሮች ነው። ሾፌሩ ሊማሊሞን ከመውረዱ በፊት ሽሮውን ሲበላ፣ እኛ ገመዱን ከመኪናው ባትሪ ጋር አያይዘን ጎማው ሥር ቁጭ እንላለን። እዚያ ቁጭ ብለን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ አብረን እንጀራ የቆረስነው። ለካ እሳቸውም እንደኔ በርበሬ የሚበዛበት ይወዳሉ። እማማ ለጎረቤት "ምራቴ ከባሌ ጋር ጋራዥ ከፈተች" እያሉ ያማርራሉ፤ ግን የጉሎውን ዘይት የሚያጣሩልን እሳቸው ናቸው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች ጠመንጃቸውን እንዳነገቱ መጡ። "እዚህ ቤት የሬዲዮ መገናኛ አለ ተብሏል" አለ አንዱ። የእማማ ፊት አመድ መሰለ። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ቀልድ አልነበረም፤ ከዚህ ባነሰ ነገር ገብቶ የቀረ ሰው እናውቃለን። አባባ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ፣ መኪናዋን አቀፏት፣ ለእኔ ሣጥኑን አስያዙኝና "እንሂድ" አሉ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጠረጴዛቸው ላይ ሣጥኑን አስቀምጠው አንቴናውን ሳቡት። ተስቦ ተስቦ አላልቅ ሲል ግንባራቸው ተኮማተረ።

"ይህ ሬዲዮ ነው ወይስ አይደለም?"

"በመጠኑ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር" አሉ አባባ።

"ወዴት ነው የሚያስተላልፈው?"

"ወደ መኪናዋ።"

"መኪናዋስ ወዴት ታስተላልፋለች?"

አባባ ትንሽ አሰቡ። "ወደ ጎማዎቿ" አሉ።

ከኋላችን ካሉት ጥበቃዎች አንዱ ሳሉን መቆጣጠር አቃተው። ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞሩ። "አሳዪን።"

ዘንጉን ቀስ ብዬ ገፋሁት፤ መኪናዋም ቀስ ብላ ተነሣች። በጠረጴዛው ሥር አለፈች፣ በወንበሮቹ እግር መካከል ተጥመለመለች፣ ወደ ስብሰባው አዳራሽ ወጥታ የመድረኩን ደረጃ አንድ በአንድ ዘለቀች። ባለ ሱፍ ቆቡ ሾፌር መድረኩ ላይ ፊቱን ወደ ባዶዎቹ አግዳሚዎች አዙሮ ቆመ፤ ንግግር ሊያደርግ የመጣ ይመስል ነበር። ሊቀመንበሩ ከወንበራቸው ተነሥተው ተከትለዋታል።

"እስቲ ስጪኝ።"

ስትሄድላቸው ጥሩ ነበር። ስትመለስ ግን ግራ ሲሏት ቀኝ፣ ቀኝ ሲሏት ግራ እያለች ቀጥታ ወደ እግራቸው መጣች። ሊቀመንበሩ ዘለው አግዳሚ ላይ ወጡ። "ግራ እኮ ነው ያልኳት!"

"ወደ እርስዎ ስትመጣ ግራዋ የእርስዎ ቀኝ ነው" አሉ አባባ።

"ለምን?"

"ፊቷን አዙራለቻ።"

ሊቀመንበሩ አግዳሚው ላይ እንደቆሙ ነገሩን አሰላሰሉት። ከዚያ "እንደገና" አሉ። እንደገና አሉ፤ እንደገና አሉ። ጥበቃዎቹም ጠመንጃቸውን ግድግዳ አስደግፈው ተራ ያዙ። ባትሪዋ እስክትደክም ድረስ አዳራሹ ውስጥ ሳቅና "ዞር በል!" ብቻ ነበር። በመጨረሻ ሊቀመንበሩ ኮፍያቸውን አስተካክለው ድምፃቸውን አወፈሩ። "ይቺ ለሰፊው ሕዝብ መታየት አለባት። በስፖርት ቀን ይዛችኋት ትመጣላችሁ።"

ወደ ቤት ስንመለስ እኔና አባባ ሳቃችንን እስከ መታጠፊያው ድረስ አፍነን ሄድን። ከመታጠፊያው በኋላ ግን አጥር ተደግፈን ቆምን፤ መራመድ አልቻልንም።

የስፖርት ቀኑ ጥር ላይ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው የገበያ ቀን ተራራው ላይ እስካለው ጨነቅ ድረስ ጭነት የሚያመላልስ አንድ ባለበቅሎ በራችን ላይ ቆሞ ስነዳ አየኝ። ረጅም፣ ነገረኛ፣ ደስ የሚል ሰው ነው። "ሜዳ ላይማ ጣሳም ይንከባለላል" አለ። "የእኔ በቅሎ በምትወጣበት ትወጣለች?" ይህን ሊቀመንበሩ ሰሙ። ከስፖርቱ ሜዳ በስተ ጀርባ ያለውን ጠጠራማ ዳገት በጣታቸው አሳዩና ውድድሩ ተቆረጠ።

አባባ የዚያን ቀን ምሳቸውን ሳይነኩ ተነሡ። ዳገቱን ሄደው በእግራቸው ለክተው መጡ። "ሊማሊሞን የሚወጣ መኪና በስንተኛ ማርሽ ነው የሚወጣው?" አሉኝ።

"በአንደኛ።"

"ታዲያ የእኛዋ ማርሽ የላት። ምን እናድርግ?"

ያኔ ነው ወንድሜ ጥሎልኝ የሄደውን የወረቀት ጥቅል የፈታነው። አባባ ከሞተሯ ላይ ያለውን ጥርስ አውጥተው ከጥቅሉ ትንሹን ገጠሙላት። ጥርሱ ሲያንስ ፍጥነቷ ይቀንሳል፣ ጉልበቷ ግን ይጨምራል። ሞከርናት። የእማማ የጤፍ ከረጢት ላይ ዘንበል ሳትል ወጣች። ቀጥ ያለ ነገር ላይ ግን አፍንጫዋ ይነሣና በጀርባዋ ትወድቃለች። አንዲት ጣት የምታህል ከረጢት ሰፍቼ አሸዋ ሞላሁባትና ከፊቷ አሰርኩላት። አባባ አሸዋውን በቁንጥር ጨመሩ፣ በቁንጥር ቀነሱ። "ስንቁ ነው" አሉ ሾፌሩን እያዩ።

በዕለቱ ደባርቅ ሜዳው ላይ ፈሰሰ። ባለበቅሎው በቅሎውን እየሳበ፣ እኔ ሣጥኔን አንግቤ ዳገቱ ሥር ቆምን። ሊቀመንበሩ ፊሽካ ነፉ። በቅሎዋ ቀድማ ሄደች። የእኛዋ ጩኸቷ እንደ ንብ፣ አካሄዷ እንደ ኤሊ ነው። ሕዝቡ ሳቀ። ጠጠሩ ሲጀምር ግን በቅሎዋ እንደ ልማዷ መንገድ መርጣ መጠማዘዝ ያዘች፣ የእኛዋ ቀጥ ብላ ዓለቱን ትወጣ ጀመር። እኔ ከኋላዋ እየሮጥኩ ነው። አባባም ከእኔ ኋላ። ድምፃቸውን ለሰው የማያሰሙት ሰውዬ ሜዳው እስኪሰማ ይጮኻሉ፦ "ቀስ! ቀስ! እሱን ድንጋይ በግራ! አሁን ስጪያት!" ሰጠኋት። ሁለቱ የፊት ጎማዎቿ ዓለቱን ነከሱ፣ የኋላዎቹ ገፉ፣ ባለ ጋቢው ሾፌር ወደ ሰማይ እያየ ወጣ። ነጠላዬ የት እንደወደቀች አላውቅም። ከታች አንድ እልልታ ሰማሁ፤ የእማማ ነው፣ አይሳሳትም።

ከበቅሎዋ ቀድማ ዳገቱ ጫፍ ላይ ብቅ አለች። ዘንጉን ለቀቅኩ። አልቆመችም። ለካ እኔ ዳገቱ አድክሞኝ ወደ ኋላ ቀርቻለሁ፣ እሷም በጣም ርቃለች፤ ሣጥኑ ሲናገር አትሰማም። ጫፉን አልፋ በወዲያ በኩል ወረደች።

"ሄደች!" አልኩ።

"የት ትሄዳለች?" አሉ አባባ፤ ግን መልሴን ሳይጠብቁ አልፈውኝ ሮጡ። ባለበቅሎው ሮጠ። ሊቀመንበሩ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ሮጡ። ጥበቃዎቹ፣ እግር ኳስ ሊጫወቱ ማልያ የለበሱት፣ ሊያዩ የመጡ ቄስ ጭምር፣ ሁላችንም በታጨደው የገብስ ማሳ ላይ ወደ ታች ስንጎርፍ ላየን ሰው ጦርነት የመጣ ነበር የሚመስለው። መኪናዋ ከፊታችን ቢጫ ነጥብ ሆና ትዘላለች። የጉሎው ዘይት ሥራውን እየሠራ ነው፤ አንድም ጊዜ አልተገለበጠችም። መጨረሻ ላይ የተቆለለ ገለባ ውስጥ በአፍንጫዋ ገብታ ቆመች፤ ጎማዎቿ ብቻ ገለባውን ወደ ኋላ ይረጫሉ።

ስንደርስ የማሳው ባለቤት፣ አንዲት ባልቴት፣ ሹካ መሳይ መንሻቸውን ይዘው ከክምሩ ጀርባ ወጡ። መጀመሪያ ያገኙት ሊቀመንበሩን ነው።

"ምንድን ነው? ምን አጠፋሁ?"

ሊቀመንበሩ ትንፋሽ አጥሯቸው መናገር አልቻሉም። በጣታቸው ብቻ ገለባውን አሳዩ። አባባ መኪናዋን ጎትተው አወጡና አጠፏት። ባልቴቷ ዞር ዞር ብለው ተመለከቷት፤ ሾፌሩን፣ ጋቢውን፣ ጎማውን።

"ሞተር አላት?" አሉ።

"አላት" አሉ አባባ።

"ታርሳለች?"

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ባለበቅሎው መሬት ላይ ተቀምጦ ሆዱን ይዟል። አባባ ግን አልሳቁም። መኪናዋን ገልብጠው፣ ዲፈረንሻሏን በአውራ ጣታቸው ነካ ነካ አድርገው፣ ባልቴቷን ከባድ ጥያቄ እንደተጠየቀ ሰው አዩአቸው። "ለጊዜው አታርስም" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "የባሰ ትንሽ ጥርስ አልነበረም እዚያ ጥቅል ውስጥ?"

ነበረ። በሚቀጥለው ሳምንት ከቆርቆሮ ማረሻ ቆረጡላት። ባሌ ከደረስጌ ሲመጣ ያገኘን በጓሮ፣ በእማማ የሽንኩርት መደብ ላይ፣ እኔ ሣጥኑን ይዤ፣ አባባ በጉልበታቸው ተንበርክከው አፍንጫቸው መሬት ሊነካ ደርሶ፣ እማማ ደግሞ በላያችን ቆመው "ጠለቅ አድርጓት! ጠለቅ!" ሲሉ ነው። ክንድ የምታህል አንዲት ፈር አወጣች፤ ጠማማ፣ ግን ፈር ናት። እማማ ሽንኩርት ተከሉባት።